ፈጣን አየር በቀጭን አካል ላይ፦ ስለ ሒሳባዊ ሞዴሉ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሬዳዋና የሐረማያ የኢንጂነሪንግና የሒሳብ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

"ቀጭን አካል" የሚባለው ምን ዓይነት ነገር ነው?

ርዝመቱ ከውፍረቱ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ አፍንጫው የሾለ፣ ጎኑ ቀስ እያለ የሚሰፋ አካል ነው። ሮኬት፣ ጥይት፣ የኮንኮርድ አውሮፕላን አፍንጫ፣ መለኪያ ይዘው ወደ ላይኛው ከባቢ አየር የሚወጡ የምርምር ሮኬቶች ሁሉ እዚህ ይገባሉ። ውፍረቱን ለርዝመቱ ስናካፍል የምናገኘውን ቁጥር የቅጥነት መጠን እንበለው። 0.1 ከሆነ አካሉ ከውፍረቱ 10 እጥፍ ይረዝማል።

የዚህ ቁጥር ትንሽ መሆን ለሒሳቡ ትልቅ ነገር ነው። ቀጭን አካል የሚያልፍበትን አየር ብዙም አያውከውም። አየሩ ወደ ጎን የሚገፋበት ፍጥነት ከዋናው ፍሰት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ትንሽ የሆነ ነገር ካለ ደግሞ እሱን ይዞ እኩልታውን ማቅለል ይቻላል።

"ከፍተኛ ፍጥነት" ከስንት ይጀምራል?

የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በማክ ቁጥር ነው። የማክ ቁጥር የአካሉ ፍጥነት ለድምፅ ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ነው። የድምፅ ፍጥነትን የሚወስነው ደግሞ የአየሩ ሙቀት ነው። ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ስትሆን ድምፅ በሰከንድ 352 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሐረር ቀዝቀዝ ብሎ 20 ዲግሪ ሲሆን 343 ሜትር ነው። 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከዜሮ በታች 56.5 ዲግሪ በሆነበት፣ 295 ሜትር ይሆናል። ብዙ ሰው "ከፍ ሲባል አየሩ ስለሚሳሳ ድምፅ ይዘገያል" ይላል። የሚዘገየው ግን አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ነው።

በድሬዳዋ በኩል የሚያልፈው የጅቡቲ ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ቢሄድ የማክ ቁጥሩ 0.1 እንኳን አይሞላም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው400 አውሮፕላን ወደ 0.6 ይጠጋል። እዚህ የምናወራው ከ1 በላይ ስላለው ነው። ከ1.2 ገደማ እስከ 5 ሱፐርሶኒክ፣ ከ5 በላይ ሃይፐርሶኒክ ይሉታል። 5 ላይ ድንገት የሚለወጥ ነገር የለም። የሙቀቱና የዝልግልግነቱ ጉዳይ ግን እየከበደ ይሄዳል።

አየር ዝልግልግ ነው እንዴ?

ነው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ነው የማይታወቀን። ዝልግልግነት ማለት አንዱ የአየር ንብርብር በሌላው ላይ ሲንሸራተት የሚገጥመው ሰበቃ ነው። አካሉን የነካው አየር ጨርሶ አይንሸራተትም፤ ከአካሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከሱ በላይ ያለው ትንሽ ይንሸራተታል፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ የበለጠ።

ተማሪዎችን ሁሌ የሚያስገርም ነገር አለ። ማር ሲሞቅ ይቀጥናል፤ አየር ግን ሲሞቅ ዝልግልግነቱ ይጨምራል። ሞለኪውሎቹ ሲሞቁ በፍጥነት ይራወጣሉ፣ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ብዙ ግፊያ (ሞመንተም) ይዘው ይሻገራሉ። ሰዘርላንድ በ1893 ያወጣው ቀመር ይህን በደንብ ይገልጻል። በሱ ብናሰላ የ35 ዲግሪ አየር 254 ዲግሪ ሲደርስ ዝልግልግነቱ በ47 በመቶ ገደማ ያድጋል። 254ን ለምን እንደመረጥኩ ስለ ሙቀት ስናወራ ይገባችኋል።

ይሄ ሁሉ ለሚሳኤል ብቻ አይደለም ወይ?

አይደለም። የምርምር ሮኬት፣ ከጠፈር የሚመለስ መንኮራኩር፣ ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኛ አውሮፕላን ሁሉም ይፈልጉታል። ሒሳቡን የሚማር ሰው ሌላም ጥቅም ያገኛል። የትኛው ነገር እንደሚጣልና የትኛው እንደሚያዝ ማሰብን ይለምዳል።

ዝም ብዬ የናቪየር–ስቶክስን እኩልታ ብፈታስ?

የዝልግልግ ፈሳሽንና ጋዝን እንቅስቃሴ የሚገልጹት እነዚህ እኩልታዎች የታወቁ ናቸው። ናቪየር በ1822 ጀመረው፣ ስቶክስ በ1845 አጠራው። አንድ የመጠነ ቁስ፣ ሦስት የግፊያ፣ አንድ የኃይል (ኢነርጂ)፣ በድምሩ አምስት እኩልታ ነው። የጋዝ ሕጉና የሰዘርላንድ ቀመር ይጨመሩበታል። ችግሩ አለማወቅ አይደለም፤ መጠኑ ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝ፣ እስከ መጨረሻው አብሮን ይሄዳል። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ሮኬት በድሬዳዋ አየር፣ በ35 ዲግሪ፣ በማክ 2 ይበራል እንበል። ከተማው ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል የአየሩ እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የሬይኖልድስ ቁጥሩ 74 ሚሊዮን አካባቢ ይወጣል። ይህ ቁጥር የግስጋሴን ኃይል ከሰበቃ ኃይል ጋር ያወዳድራል። እያንዳንዷን ትንሽ አዙሪት ልከተል ካላችሁ የሚያስፈልጉት ነጥቦች ብዛት ከሬይኖልድስ ቁጥር የ9/4 ኃይል ጋር አብሮ ያድጋል። በግምት 5 ጽፋችሁ 17 ዜሮ መደርደር ነው። ይህን የሚሸከም ኮምፒውተር የለም። ስለዚህ ሞዴል እንሠራለን፤ ማለትም ምን እንደምንጥል እንመርጣለን።

ባውንደሪ ሌየር ላይ ለምን ይህን ያህል ትኩረት ይደረጋል?

ባውንደሪ ሌየር ከአካሉ ጋር የተጣበቀው ስስ የአየር ንብርብር ነው። ሰበቃውም፣ ሙቀቱም፣ አብዛኛው ራስ ምታትም እዚያ ውስጥ ስላለ ነው። ዳላምቤር በ1752 ዝልግልግነት የሌለውን ፈሳሽ ይዞ ሲያሰላ የአካሉ ድራግ (ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል) ዜሮ ወጣበት። ማንም ሰው ወንዝ ውስጥ እጁን ነክሮ ስህተት መሆኑን ያውቃል። ሒሳቡ ግን ስህተት አልነበረበትም። አንድ ተኩል ክፍለ ዘመን እንዲሁ ቆየ።

በ1904 ፕራንትል ሃይደልበርግ በተካሄደ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ መልሱን ይዞ ቀረበ። ዝልግልግነቱ ትንሽ ሲሆን ውጤቱ የሚታየው ከአካሉ ጋር በተጣበቀ ስስ ንብርብር ውስጥ ብቻ ነው አለ። ከዚያ ውጭ ያለውን አየር ሰበቃ እንደሌለው አድርጋችሁ አስሉት። ውስጡን ለብቻው አስሉት። ከዚያ ሁለቱን አገናኟቸው። ስስ በመሆኑ ሁለት ቅናሽ ይገኛል፦ ግፊቱ ከንብርብሩ አናት እስከ ግድግዳው አይለወጥም፤ በፍሰቱ አቅጣጫ ያለው ሰበቃም ተጥሎ ወደ ግድግዳው ያለው ብቻ ይቀራል። ለእኔ በፈሳሽ ሳይንስ ከዚህ የሚያምር ሐሳብ የለም።

ምን ያህል ስስ ነው? በሮኬታችን ጅራት ላይ ፍሰቱ ላሚናር (ንብርብሮቹ ሳይቀላቀሉ በጸጥታ የሚሄዱበት) ሆኖ ቢዘልቅ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ተርቡለንት (በአዙሪት የተናወጠ) ከሆነ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለቱም በዝቅተኛ ፍጥነት ቀመር የተሠሩ ግምቶች ናቸው፤ ስፋታቸውን ለመረዳት ግን ይበቃሉ።

አካሉ ቀጭን መሆኑ ከንብርብሩ ውጭ ላለው ፍሰት ምን ይጠቅመናል?

ብዙ። ሙንክ በ1924 ለአየር መርከቦች ሲያሰላ ባለ ሦስት አቅጣጫውን ችግር ወደ ባለ ሁለት አቅጣጫ ቁርጥራጭ አወረደው። እያንዳንዱን የአካሉን ቁራጭ ለብቻው ታያላችሁ፣ ከዚያ ትደምራላችሁ። ፎን ካርማን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሐሳቡን ወደ ሱፐርሶኒክ ወሰደው፣ ጆንስ በ1946 ለቀጫጭን ክንፎች አዋለው። ከዚህ የሚወጣው ውጤት አጭር ነው፦ ሹል አፍንጫ ያለው ቀጭን አካል ትንሽ ሲያዘነብል የሚያገኘው ቀጥ ያለ ኃይል መጠን (ኮኤፊሸንት) በአንድ ራዲያን ማዘንበል 2 ነው፣ የጅራቱ ስፋት መነሻ ሆኖ ሲሰላ። ቅርጹ ሾጣጣ ይሁን ጥምዝ፣ ማክ 1.5 ይሁን 3፣ መልሱ ያው ነው። በወረቀትና በእርሳስ ይገኛል።

በሃይፐርሶኒክ ደግሞ ትሲየን በ1946 ሌላ ነገር አሳየ። ወሳኙ ቁጥር የማክ ቁጥር በቅጥነት መጠን ሲባዛ የሚገኘው ነው። ቅጥነቱ 0.1 ሆኖ በማክ 6 የሚበር አካልና ቅጥነቱ 0.15 ሆኖ በማክ 4 የሚበር ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው አካል ሁለቱም 0.6 ይሰጣሉ። የግፊት ስርጭታቸውም ይመሳሰላል። አንድ ሙከራ ተደርጎ የብዙ ሙከራ መልስ ይገኛል ማለት ነው።

ቀጭን ሆኖ አየሩን ካላወከ ለምን ይሞቃል?

የሚያሞቀው ንብርብሩ ነው። አየሩ በከፍተኛ ፍጥነት ይመጣና ግድግዳው ላይ ይቆማል። የእንቅስቃሴ ኃይሉ የት ይሂድ? ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሮኬታችን በ35 ዲግሪ የድሬዳዋ አየር በማክ 2 ሲሄድ ሙሉ በሙሉ የቆመ አየር 281 ዲግሪ ይደርሳል። በጎኑ ያለው ግድግዳ ትንሽ ያንሳል፤ ተርቡለንት በሆነ ንብርብር 254 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነገሩ ይረግባል። ኮንኮርድ በማክ 2 ሲበር አፍንጫው ወደ 127 ዲግሪ ይደርስ የነበረው ለዚህ ነው። ጭማሪው የሚያድገው በማክ ቁጥር ካሬ ነው። በማክ 5፣ በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ የቆመ አየር ከ1,000 ዲግሪ ያልፋል።

ስለዚህ ሞዴላችሁ ውስጥ የኃይል እኩልታው ከግፊያው ጋር ተጣብቆ መፈታት አለበት። ግድግዳው ሲሞቅ እፍግታው ይወርዳል፣ ዝልግልግነቱ ይወጣል፣ ንብርብሩ ያብጣል። በዝቅተኛ ፍጥነት ሙቀትን ለብቻው አስልቶ መጨረስ ይቻል ነበር። እዚህ አይቻልም።

አፍንጫው በጣም ሹል ቢሆን አይሻልም?

ለድራግ አዎ፣ ለሙቀት ግን አይሻልም። በአፍንጫው ጫፍ ላይ የሚገባው ሙቀት ከጫፉ ራዲየስ ካሬ ሥር ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ራዲየሱን ወደ ሩብ ብታወርዱት ሙቀቱ በእጥፍ ይጨምራል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አለን የተባለው የናካ (የያኔው የአሜሪካ የበረራ ምርምር ተቋም) ተመራማሪ ከጠፈር ለሚመለስ አካል ደንዳና አፍንጫ እንደሚሻል ያሳየው ከዚህ በመነሳት ነው።

ለሞዴል ሠሪው ያለው ትርጉም ይህ ነው፦ ፍጹም ሹል ጫፍ ያለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ጫፉ ትንሽ እንኳ ከደነዘ ፊት ለፊቱ ያለው ሾክ ዌቭ (ከድምፅ የፈጠነ አካል አየሩ ውስጥ የሚፈጥረው ድንገተኛ የግፊት ዝላይ) ይጠማዘዛል፣ ከኋላው ሞቃትና ዘገምተኛ የአየር ንብርብር ይተዋል። ያ ንብርብር በአካሉ ጎን ረጅም ርቀት ይጓዛል። ባውንደሪ ሌየሩ በሱ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያድገው። ለሹል ሾጣጣ ያሰላችሁትን ለደነዘዘ አካል አትጠቀሙበት።

"ውጩን ለብቻ፣ ውስጡን ለብቻ" የሚለው ዘዴ የሚከሽፈው መቼ ነው?

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። የፕራንትል ዘዴ ንብርብሩ ስስ ነው ብሎ ይነሳል። በላሚናር ፍሰት የንብርብሩ ውፍረት ግን ከማክ ቁጥር ካሬ ጋር ያድጋል፣ ከሬይኖልድስ ቁጥር ካሬ ሥር ጋር ይቀንሳል። ማክ 10 ላይ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ፣ ንብርብሩ ወፍራም ይሆናል። ውጭ ያለው ፍሰት እውነተኛውን ቀጭን አካል አያይም፤ አካሉን ከነንብርብሩ ነው የሚያየው። ስለዚህ የበለጠ ይገፋል፣ ሾኩ ይጠነክራል፣ ግፊቱ ይወጣል። የወጣው ግፊት ደግሞ ተመልሶ ንብርብሩን ይጫነዋል። ውጩና ውስጡ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ይህ ነው ቪስከስ ኢንተራክሽን የሚባለው።

መለኪያው የማክ ቁጥር ኩብ ለሬይኖልድስ ቁጥር ካሬ ሥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከ3 በላይ ከሆነ መነጋገሩ ጠንካራ ነው ይባላል፤ ከዚያ በታች ደካማ። የሬይኖልድስ ቁጥሩ ከአፍንጫው በሚለካ ርቀት ስለሚሰላ መለኪያው በአካሉ ላይ ቦታ በቦታ ይለያያል። የድሬዳዋውን ሮኬት ጅራቱ ላይ አስሉት፦ 8 ለ8,600 ሲካፈል 0.001 ገደማ ነው። እርሱት፣ የፕራንትል ዘዴ ይበቃችኋል። አሁን ያንኑ ዓይነት አካል 50 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በማክ 10 አብርሩት። ከአፍንጫው 1 ሜትር ርቀት ላይ መለኪያው 2.2 ይሆናል። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ 7 ይደርሳል። መሻገሪያው ግማሽ ሜትር አካባቢ ነው። የአካሉ ፊት በአንድ ሕግ፣ ኋላው በሌላ ሕግ ይተዳደራል። ዘዴውን ከመምረጣችሁ በፊት ይህችን ስሌት መሥራት አምስት ደቂቃ አይወስድም።

ሾክ ዌቭ ከሌላ ቦታ መጥቶ ንብርብሩ ላይ ሲያርፍ ደግሞ የባሰ ነው። በጥቅምት 1967 ኤክስ-15 የተባለችው የአሜሪካ የምርምር አውሮፕላን ማክ 6.7 ደረሰች። ከሆዷ ሥር የተንጠለጠለ የሞተር ሞዴል ነበራት። ሾኮች ተሸካሚው ላይ አርፈው ብረቱን በሱት፣ ሞዴሉም ከማረፏ በፊት ተቆርጦ ወደቀ።

ታዲያ የትኛውን የእኩልታ ደረጃ ልምረጥ?

መነጋገሩ ደካማ ከሆነ የውጭ ፍሰትና ባውንደሪ ሌየር። ጠንካራ ሆኖ ፍሰቱ ወደ ኋላ ካልተመለሰ ፓራቦላይዝድ ናቪየር–ስቶክስ። ፍሰቱ ወደ ኋላ የሚመለስበት ቦታ ካለ፣ ለምሳሌ ከሮኬቱ ጅራት በስተኋላ፣ ሙሉው ናቪየር–ስቶክስ።

መካከለኛው ለቀጭን አካል የተሠራ ይመስላል። በፍሰቱ አቅጣጫ ያለውን ሰበቃ ጥሎ ሌላውን በሙሉ ይይዛል። ከአፍንጫው ተነስቶ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ወደ ኋላ ይገሰግሳል፤ ያለፈውን ቁራጭ ተመልሶ አይነካም። ጊዜና ማኅደረ ትውስታ በእጅጉ ይቆጥባል። አንድ ወጥመድ ግን አለው። ግድግዳው አጠገብ ያለው አየር ከድምፅ ያነሰ ፍጥነት ስላለው የኋላው ግፊት ወደ ፊት ወሬ ያደርሳል። ወደ ፊት ብቻ የሚገሰግስ ስሌት ይህን መስማት አይችልም፣ እርምጃውን ስታሳጥሩት ይፈነዳል። እርምጃ ማሳጠር ስሌትን ያሻሽላል ብለን ስለተማርን ብዙዎች እዚህ ግራ ይጋባሉ። መድኃኒቱ በዚያች ከድምፅ በታች ባለች ስስ ክፍል ውስጥ የግፊቱን ለውጥ በከፊል ብቻ ማስገባት ነው። ቪኘሮን በ1978 ያቀረበው መንገድ ዛሬም ይሠራበታል።

ተርቡለንት የሚሆነው የት ላይ ነው?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የግድግዳው ሸካራነት፣ ሙቀቱ፣ የሚመጣው አየር ጸጥታ ሁሉም ይወስናሉ። በሃይፐርሶኒክ ደግሞ በዝቅተኛ ፍጥነት የማይታይ፣ በንብርብሩ ውስጥ እንደ ድምፅ የሚመላለስ ሞገድ ይነሳል። ማክ የተባለ ሌላ ሰው፣ ሌስሊ ማክ፣ ነው ያጠናው። ግድግዳን ማቀዝቀዝ የተለመደውን ሞገድ ያረጋጋል፣ ይህንን ግን ያባብሰዋል።

ምክሬ አንድ ነው። መሸጋገሪያውን ማወቅ ካልቻላችሁ ሁለት ስሌት ሥሩ፦ አንዱ ሙሉ ላሚናር፣ ሌላው ሙሉ ተርቡለንት በስፓላርት–አልማራስ ወይም በሜንተር ኤስኤስቲ የተርቡለንስ ሞዴል። እውነቱ ብዙውን ጊዜ በመካከላቸው ነው። አንድ ቁጥር ብቻ አቅርቦ በልበ ሙሉነት ከመናገር ይህ ይሻላል።

ዊንድ ተነል (የንፋስ መሞከሪያ ዋሻ) የለኝም፣ ያለኝ ላፕቶፕ ነው። ይቻላል?

ይቻላል፣ በደንብ። አካሉ ክብና ቀጥ ብሎ የሚበር ከሆነ አንድ ስስ ቁራጭ ብቻ አስሉ። 300 በ150፣ ማለትም 45,000 ህዋስ ያለው ሜሽ (አየሩ ለስሌት የሚከፋፈልበት መረብ) ተራ ላፕቶፕ ይሸከመዋል። ኦፕንፎምና ኤስዩ2 የተባሉት የፍሰት ማስሊያ ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ግድግዳው ነው፤ ለሮኬታችን የመጀመሪያው ህዋስ ቁመት ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፣ ከፀጉር በጣም የቀጠነ። እዚያ ከሰፋ ግፊቱ ደህና ሆኖ ሰበቃውና ሙቀቱ ይበላሻሉ። ሥዕሉ ስለሚያምር አይታወቃችሁም። መብራት ሲጠፋ ሥራው ከዜሮ እንዳይጀምር ደግሞ ስሌቱ በየጊዜው እንዲያስቀምጥ አድርጉት።

ለማረጋገጥ የታወቀ መልስ ያላቸውን ችግሮች አስቀድሙ። ቴይለርና ማኮል በ1933 ሹል ሾጣጣ ላይ የሚሄድን ሰበቃ የለሽ ሱፐርሶኒክ ፍሰት ፈትተዋል። ሰበቃውን አጥፍታችሁ የእናንተን ከሱ ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ ሰበቃውን አብሩ፦ ላሚናር በሆነ ፍሰት የሾጣጣው የሰበቃ መጠን ከንብርብሩ ውጭ ያለው ሁኔታ አንድ ዓይነት ከሆነ ከጠፍጣፋ ሰሌዳ 1.73 እጥፍ፣ ማለትም የ3 ካሬ ሥር፣ መሆን አለበት። ከዚያ ሜሹን በእጥፍ አጥብቁ። መልሱ ከተንቀሳቀሰ አልጨረሳችሁም።

አካሉ ሲያዘነብል መልሴ ከሙከራ ጋር የማይገጥመው ለምንድን ነው?

ከጥቂት ዲግሪ በላይ ሲያዘነብል አየሩ ጎኑን አቋርጦ ይሄድና ጀርባው ላይ ይላቀቃል። ሁለት ረጃጅም አዙሪቶች ይፈጠራሉ፣ ተጨማሪ ኃይልም ያመጣሉ። በራዲያን 2 የሚለው ውጤት ይህን አያውቅም። አለንና ፐርኪንስ በ1951 የአቋራጩን ፍሰት እንደ ሲሊንደር ድራግ ቆጥረው የሚደምሩበት ቀላል እርማት አቅርበዋል፤ ለመጀመሪያ ግምት በጣም ይጠቅማል። ማዘንበሉ በጣም ሲጨምር አዙሪቶቹ ግራና ቀኝ እኩል መሆናቸውን ያቆማሉ። አካሉ ፍጹም ክብ ሆኖ ሳለ ወደ ጎን ይገፋል። ግማሽ አካል ብቻ ያሰላ ሰው ይህን ፈጽሞ አያየውም።

እኩልታዎቹ ራሳቸው የማይሠሩበት ቦታ አለ?

ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው በጣም ሲሞቅ ነው። ከ2,000 ኬልቪን በላይ ኦክስጅን መፈራረስ ይጀምራል፣ ወደ 4,000 ሲጠጋ ናይትሮጅን ይከተላል። ያኔ አየሩ አንድ ጋዝ መሆኑ ይቀራል። የኬሚካል ለውጥ እኩልታ መጨመር አለበት፣ የሰዘርላንድ ቀመርም አይበቃም።

ሁለተኛው አየሩ በጣም ሲሳሳ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ ርቀት ከአካሉ መጠን ከመቶ አንድ እጅ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ያለው አየር መንሸራተት ይጀምራል። መጀመሪያ የመንሸራተት እርማት ይገባል። ከዚያም በላይ ሲሆን ናቪየር–ስቶክስን ትቶ ሞለኪውሎቹን በናሙና መከተል ያስፈልጋል። ቀጭን አካል ሲሆን "የአካሉ መጠን" የሚለው ርዝመቱ ነው ወይስ የአፍንጫው ራዲየስ? መልሱ በምትፈልጉት ነገር ይወሰናል። ጠቅላላ ድራግ ከሆነ ርዝመቱን፣ የጫፉ ሙቀት ከሆነ ራዲየሱን ውሰዱ። አንዱ በሚያስተማምንበት ከፍታ ሌላው ላያስተማምን ይችላል።